ምዕራፍ አምስት፦ ልብ ወለድና የመንገደኛ እንግሊዝኛ

እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ወይም እንደ ሦስተኛ ቋንቋ የሚማር ሰው ከየአቅጣጫው ሁለት ምክር ይሰማል፤ አንደኛው ልብ ወለድ ማንበብን፣ ሁለተኛው ደግሞ በጉዞ ላይ የሚያስፈልጉ ንግግሮችን መለማመድን የሚያዝዝ ነው። ሁለቱ ምክሮች ብዙ ጊዜ እንደ ተፎካካሪ ይታያሉ፤ ንባብን የሚያስቀድሙት የጉዞ ንግግር ልምምድን ከሽምደዳ የማይለይ አድርገው ሲቆጥሩት፣ ልምምዱን የሚያስቀድሙት በበኩላቸው ልብ ወለድን ጊዜ ለተረፈው ሰው የተተወ መዝናኛ ያደርጉታል። በዚህ ምዕራፍ የሚቀርበው ሐሳብ ከሁለቱም የተለየ ነው፦ መንገደኛን የሚያስቸግረው በአብዛኛው ጥያቄ ማቅረብ ሳይሆን የሚመጣውን መልስ መረዳትና ለመልሱ ደግሞ መልስ መስጠት ነው፤ ለዚህም ችግር ልብ ወለድ ከማንኛውም የመነጋገሪያ መጽሐፍ የበለጠ ያዘጋጃል፣ ነገር ግን በገጽ ላይ የተገኘው ዕውቀት በአፍና በጆሮ ካልተገራ በተፈለገበት ሰዓት አይደርስም።

ለመንገደኛ የሚዘጋጅ የመነጋገሪያ መጽሐፍ የቆየ ታሪክ አለው። በእንግሊዝ አገር የኅትመት ሥራን የጀመረው ዊሊያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1480 ገደማ ፈረንሳይኛንና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን ያሰፈረ የንግግር መጽሐፍ ያተመ ሲሆን፣ ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1586፣ ዣክ ቤሎ የተባለ ፈረንሳዊ መምህር በሃይማኖታቸው ምክንያት ተሰደው ለንደን ለገቡ ወገኖቹ የራሱን መጽሐፍ አዘጋጀ። የቤሎ መጽሐፍ እንግሊዝኛውን፣ ፈረንሳይኛውንና የእንግሊዝኛውን አነባበብ ለፈረንሳዊ ዓይን በሚመች አጻጻፍ በሦስት ዓምድ ያስቀምጣል፤ ይዘቱም ከማለዳ መነሣት ጀምሮ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት መላክን፣ ከሥጋ ሻጭ፣ ከዓሣ ሻጭና ከጨርቅ ነጋዴ ጋር መገበያየትን፣ ከወዳጅ ጋር ማዕድ መቁረስን የሚከተል የዕለት ኑሮ ነው። በዚህ ጥንታዊ መጽሐፍ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ሻጩም የሚናገር መሆኑ ነው። ዛሬ በየመጻሕፍት መደብሩና በስልክ መተግበሪያዎች የሚገኙት አብዛኞቹ የመነጋገሪያ መጻሕፍት ግን ይህን ሁለተኛ ድምፅ ጥለው የመንገደኛውን ጥያቄዎች ብቻ በዝርዝር ያስቀራሉ፤ «ባቡር ጣቢያው የት ነው?» የሚለውን አሳምሮ የሸመደደ ሰውም ጥያቄውን ባሳመረ መጠን የሚመጣለት መልስ የፈጠነና የረዘመ ይሆንበታል፣ ሰሚው ጠያቂው ቋንቋውን የሚችል መስሎት ይናገራልና።

የንግግርን አወቃቀር የሚያጠናው የዕውቀት ዘርፍ ይህን ችግር በሚገባ ያብራራል። አሜሪካውያኑ የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቃውንት ኢማኑኤል ሸግሎፍና ሃርቪ ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት ንግግር በዘፈቀደ የሚደረደር የዓረፍተ ነገር ክምችት ሳይሆን «ተጓዳኝ ጥንድ» ሊባል በሚችል አሠራር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል፤ ይኸውም ሰላምታ ሰላምታን፣ ጥያቄ መልስን፣ ግብዣ መቀበልን ወይም እምቢታን ይጠራል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ሁለቱ የመልስ ዓይነቶች፣ እሺታና እምቢታ፣ በቅርጻቸው እኩል እንዳልሆኑ አስረድተዋል። እሺታ አጭርና ፈጣን ነው፤ እምቢታ ግን ይዘገያል፣ በመግቢያ ቃል ይለዝባል፣ ምክንያት ይጨመርበታል፣ ብዙ ጊዜም ሌላ አማራጭ ይከተለዋል።

ወደ አንድ ሆቴል ገብቶ ክፍል እንዳለ የሚጠይቅ እንግዳ ክፍል ካለ «ሹር» የሚል አንድ ቃል ይሰማና ነገሩ ያልቃል። ክፍል ከሌለ ግን የእንግዳ ተቀባዩ መልስ «ዌል፣ አይም አፍሬይድ ዊር ፉሊ ቡክድ ቱናይት፣ በት አይ ኩድ ትራይ አወር ሲስተር ሆቴል» የሚል ሊሆን ይችላል። በዚህ ረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ኖ» የሚል ቃል የለም፤ «አፍሬይድ» የሚለውንም ከፍርሃት ጋር ብቻ አያይዞ የተማረ ሰው እንግዳ ተቀባዩ ምን እንዳስፈራው ሲያሰላስል የቀረበለት አማራጭ ያልፈዋል። ቃሉ እዚህ ቦታ ላይ ሥራው መጥፎ ዜና ሊመጣ መሆኑን ማሳወቅ ብቻ ነው፣ ይህንንም ለመልመድ አንድ ጊዜ ተነግሮ መስማት አይበቃም፤ በልዩ ልዩ ሰው አፍ፣ በልዩ ልዩ ሁኔታ ደጋግሞ ማግኘት ያስፈልጋል።

የልብ ወለድ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በአንድ መካከለኛ ልብ ወለድ ውስጥ ሰዎች በተደጋጋሚ ይጠይቃሉ፣ ይለምናሉ፣ ያቅማማሉ፣ ያስተባብላሉ፣ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ከዚህም በላይ ልብ ወለድ በእውነተኛው ንግግር የማይገኝ አንድ ነገር ይሰጣል፣ እርሱም አንድ ንግግር በሰሚው ልብ ውስጥ ምን እንዳሳደረ የሚያስረዳ ተራኪ ነው። በለንደን ወይም በዋሽንግተን መንገድ ላይ የሚያልፍ መንገደኛ ያነጋገረው ሰው ለምን ፊቱን እንዳጠቆረ የሚነግረው የለም፤ የልብ ወለድ አንባቢ ግን ንግግሩ እንደ ድፍረት መቆጠሩን፣ ወይም እንደ ቀልድ መወሰዱን፣ በቀጣዩ መስመር ያገኘዋል።

የእንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣው «ኤ ሩም ዊዝ ኤ ቪው» የተሰኘው ልብ ወለድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፣ የሚጀምረውም በፍሎሬንስ ከተማ በሚገኝ ፔንሲዮን የራት ገበታ ላይ ነው። ሉሲ የተባለች ወጣትና አብራት የምትጓዝ ታላቅ ዘመዷ ሻርሎት በአርኖ ወንዝ ፊት ለፊት የሚሆን ክፍል ተስፋ ተሰጥቷቸው ወደ ግቢ የሚያይ ክፍል ስለደረሳቸው ያማርራሉ፤ ፊት ለፊታቸው የተቀመጡ የማያውቋቸው ሽማግሌ ጨዋታቸውን አቋርጠው የእርሳቸውና የልጃቸው ክፍሎች ጥሩ እይታ ስላላቸው እንለዋወጥ ይላሉ። ሐሳቡ በጎ ነው፤ ነገር ግን መግቢያና ማለዘቢያ ሳይኖረው በቀጥታ ስለቀረበ ሻርሎት እንደ ድፍረት ትቆጥረዋለች፣ በትሕትና እምቢ ትላለች፣ ሽማግሌው ለምን ብለው ሲጸኑ ይበልጥ ትሸሻለች፤ መጨረሻ ላይ ነገሩ የሚፈታው አንድ ቄስ መካከላቸው ገብተው ነው። ይህን ጥቂት ገጽ በጥሞና ያነበበ ተማሪ ስለ ክፍል መለዋወጥ የሚነገር እንግሊዝኛን ብቻ ሳይሆን፣ በቀጥታ የቀረበ በጎነት በአንዳንድ እንግሊዛውያን ዘንድ ለምን እንደሚያስደነግጥም ይማራል፤ ይህን ትምህርት የትኛውም የሐረግ ዝርዝር ሊሰጥ አይችልም። እርግጥ ነው፣ ልብ ወለዱ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ በመሆኑ አንዳንድ አነጋገሩ ዛሬ በሆቴል ቢነገር ያስገርማል፤ ስለዚህ በዕድሜ የገፋ መጽሐፍ ለአነጋገር ስልትና ለሰው ጠባይ እንጂ በቀጥታ ተቀድቶ ለሚነገር ቃል አይመረጥም።

የአጋታ ክሪስቲ «መርደር ኦን ዘ ኦሪየንት ኤክስፕረስ»፣ እ.ኤ.አ. በ1934 የታተመው፣ ለመንገደኛ የሚጠቅመው በሌላ ምክንያት ነው። መርማሪው ኤርኪዩል ፓሮ ከኢስታንቡል በሚነሣ ባቡር ላይ መኝታ ሲፈልግ ባቡሩ ሞልቶ ይጠብቀዋል፤ ቦታ ፍለጋው፣ የባቡር አስተናጋጁ ምክንያት፣ የኋላ ኋላ የተገኘው መፍትሔ ሁሉ የጉዞ ንግግር ነው። ግድያው ከተፈጸመ በኋላ ደግሞ ፓሮ ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ እየጠራ ስማቸውን፣ ከየት እንደተነሡ፣ ለምን እንደሚጓዙ፣ በሌሊቱ የት እንደነበሩ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ ተቀራራቢ ናቸው፤ መልሶቹ ግን እንደ ተሳፋሪው ጠባይና ማዕረግ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ በአጭሩ፣ ሌላው በቁጣ፣ ሌላዋ ከተጠየቀችው በላይ ትመልሳለች። በኢሚግሬሽን መስኮት ፊት የሚቀርበው ጥያቄ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ አንባቢውም ገዳዩን ለማወቅ በመጓጓት የአንድን ጥያቄ ብዙ መልስ ሳይሰለች ይሰማል፣ ይህን ያህል ድግግሞሽ በመማሪያ መጽሐፍ ቢቀርብ ማንም አይታገሠውም ነበር።

ይሁንና እነዚህ መጻሕፍት ለጀማሪ የሚሰጡ አይደሉም። የኒውዚላንዱ የቃላት ትምህርት ተመራማሪ ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት አንድ ሰው እንግሊዝኛ ልብ ወለድን ያለ ረዳት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ ማወቅ እንደሚያስፈልገው አስልቷል፤ የቃል ቤተሰብ ማለት አንድ ሥር ቃል ከርቢዎቹና ከተዛማጅ ቅርጾቹ ጋር እንደ አንድ ሲቆጠር ነው። ስሌቱ የተነሣው አንባቢ ከሚያያቸው ቃላት 98 በመቶውን ሲያውቅ የቀረውን ከዐውዱ ሊገምት ይችላል ከሚለው መመዘኛ ነው። ሦስት መቶ ቃላት ባሉት ገጽ ላይ ይህ ማለት የማይታወቁት ቃላት ስድስት ናቸው ማለት ነው፤ ዕውቀቱ ወደ 95 በመቶ ዝቅ ቢል ያልታወቁት ቃላት ዐሥራ አምስት ይደርሳሉ፣ ንባቡም መዝገበ ቃላት ወደ ማገላበጥ ይለወጣል። ብዙ ተማሪዎች ልብ ወለድ ጀምረው ከሦስተኛው ገጽ ሳያልፉ የሚያቆሙት ስንፍና ይዟቸው ሳይሆን በዚህ ቀላል የቁጥር ምክንያት ነው።

ለዚህ መፍትሔ ያፈላለገው ማይክል ዌስት ነው። ዌስት በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በብሪታንያ ሥር በነበረችው ቤንጋል በትምህርት ሥራ ላይ ሳለ፣ ተማሪዎቹ ከመናገር ይልቅ የማንበብ ችሎታ የበለጠ እንደሚጠቅማቸው፣ የሚያነቡት መጽሐፍ ግን ብዙ ጊዜ በማይገጥሙ ብርቅ ቃላት የታጨቀ መሆኑን ተመለከተ። ስለዚህ ታሪኮችን በተለመዱ ቃላት እንደገና እየጻፈ፣ አዳዲሶቹንም ቃላት በየገጹ እያራራቀና እየደጋገመ ተከታታይ የንባብ መጻሕፍት አዘጋጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመውም ወደ 2,000 የሚደርሱ ጠቃሚ ቃላት ዝርዝር ለብዙ ዘመን የመማሪያ መጻሕፍት መለኪያ ሆኖ አገልግሏል። ዛሬ «የተመጠኑ መጻሕፍት» ሊባሉ የሚችሉት ሁሉ የዚህ ሥራ ልጆች ናቸው፤ ለምሳሌ ያህል የኦክስፎርድ ቡክዎርምስ ተከታታይ በመጀመሪያው ደረጃ በ400 መሠረታዊ ቃላት ተጀምሮ በስድስተኛው ደረጃ 2,500 ይደርሳል። እንዲህ ዓይነቱን መጽሐፍ ማንበብ ለሕፃን የተተወ ነው ብሎ የሚያፍር ጎልማሳ ራሱን ይጎዳል።

ብዙና ቀላል ማንበብ፣ ማለትም «ሰፊ ንባብ»፣ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየው ዝነኛ ምርምር የተካሄደው በፊጂ ደሴቶች ነው። ዋርዊክ ኤሊና ፍራንሲስ ማንጉብሃይ የመጻሕፍት እጥረት ባለባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች 250 ያህል ማራኪና ባለሥዕል የእንግሊዝኛ ተረት መጻሕፍትን አቀረቡ። በምርምሩ 380 ተማሪዎች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመው ውጤት መሠረት ከ8 ወር በኋላ በንባብና በማዳመጥ የመረዳት ችሎታቸው ከተለመደው በእጥፍ አደገ፣ ከ20 ወር በኋላም ብልጫው ሰፍቶ ወደ ሌሎቹ የቋንቋ ክህሎቶች ተዛመተ። እነዚህ ልጆች የሰዋስው ሕግ ተጨምሮ አልተሰጣቸውም፤ የተሰጣቸው መጨረሻውን ለማወቅ የሚያጓጓ ታሪክ ነው።

በኢትዮጵያ ከ1941 እ.ኤ.አ. በኋላ እንግሊዝኛ ፈረንሳይኛን ተክቶ የትምህርት ቋንቋ እየሆነ በመምጣቱ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ባዮሎጂን፣ ፊዚክስንና ታሪክን በእንግሊዝኛ ይማራል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ቢሆንም የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ የትርጓሜና የማብራሪያ እንግሊዝኛ ስለሆነ በውስጡ ማንም ማንንም አይለምንም፣ ማንም ይቅርታ አይጠይቅም። የሴል ክፍፍልን በእንግሊዝኛ ያስረዳ የነበረ ምሩቅ በትራንዚት አዳራሽ ሻንጣው መጥፋቱን ለማስረዳት ሲጨነቅ ትምህርቱ ከንቱ ነበር ማለት ተገቢ አይደለም፤ ያልተሰጠው ሌላኛው የቋንቋው ግማሽ ነው። ይህንን ግማሽ ለመሙላት ደግሞ የአማርኛ አንባቢ ከሩቅ መጀመር የለበትም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፈውን «ዘ አፈርሳታ» የተባለውን ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ጎጆ ተቃጥሎ መንደርተኛው ወንጀለኛውን ለማውጣት ሲሰበሰብ ሥርዓቱን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ያልታወቀ ቃል ሲገጥመውም የሚገምተው ከሚያውቀው ዓለም ተነሥቶ ነው። የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶ ኪንግ» ቋንቋው ከበድ ያለ ቢሆንም፣ የጣሊያን ወረራን ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ በዚሁ ምክንያት ይቀለዋል።

ሌላው መንገድ አስቀድሞ በአማርኛ የተነበበን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ መድገም ነው። ነቢይ መኮንን በእስር ቤት ሳለ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየጻፈ የተረጎመው የማርጋሬት ሚቼል «ነገም ሌላ ቀን ነው» ለብዙዎች የታወቀ ታሪክ ነው፤ ታሪኩን ያወቀ ሰው ቀልቡን ወደ አባባሉ ሊመልስ ይችላል። ነገር ግን በዚህ መጽሐፍ ደራሲዋ የአሜሪካ ደቡብ ባሪያዎችን አነጋገር በተዛባ ፊደል ስለጻፈችው፣ ለመንገደኛ እንግሊዝኛ ቀዳሚ ምርጫ ሊሆን አይገባም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ንባብ ብቻውን ይበቃል የሚል መደምደሚያ ላይ ሊያደርስ አይገባም። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሜሪል ስዌይን ትምህርታቸውን ለዓመታት በፈረንሳይኛ የተከታተሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆችን አጥንታ፣ ቋንቋውን በመረዳት ከባለቤቶቹ ልጆች ጋር የሚቀራረቡ ቢሆኑም በመናገርና በመጻፍ ወደ ኋላ የቀሩ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1985 ገልጻለች፤ ማብራሪያዋም ሰው ሲሰማና ሲያነብ በትርጉም ብቻ ሊያልፍ ሲችል፣ ሲናገር ግን ቃሉን ከቃሉ ጋር የማገጣጠም ግዴታ ውስጥ ይገባል የሚል ነው። በእንግሊዝኛ ደግሞ አጻጻፍና ድምፅ የተራራቁ ስለሆኑ ችግሩ ይብሳል፤ የፊደልን ድምፅ እንዳለ ማንበብ የለመደ የአማርኛ አንባቢ «ኮምፎርታብል» ብሎ በዓይኑ የያዘው ቃል በአየር መንገድ አስተናጋጅ አፍ «ከምፍተብል» ሆኖ ሲመጣ አያውቀውም። ስለዚህ ያነበቡትን ምዕራፍ በድምፅ የተቀረጸውን መጽሐፍ እያዳመጡ መድገም እንደ ተጨማሪ ሳይሆን እንደ ንባቡ ክፍል መታየት አለበት።

ከልብ ወለድ ወደ አፍ የሚወስደውን መንገድ በግልጽ የጻፈው ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ሽሊማን ነው። በኋላ በትሮይ ቁፋሮው የታወቀው ሽሊማን በ1840ዎቹ መጀመሪያ በአምስተርዳም የንግድ ቤት ተላላኪ ሳለ እንግሊዝኛን የተማረው፣ ራሱ እንደጻፈው፣ ጮክ ብሎ ብዙ በማንበብ፣ በሚወዳቸው ጉዳዮች ላይ ጽሑፍ ጽፎ በመምህር በማሳረምና የታረመውን በቃሉ በመያዝ ነበር፤ እሑድ እሑድም ወደ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን እየሄደ የሰባኪውን ቃል በለሆሳስ ይደግም ነበር። የኦሊቨር ጎልድስሚዝንና የዋልተር ስኮትን ልብ ወለዶች በቃሉ ይዣለሁ ያለውን መከተል ለአብዛኛው ሰው አይቻልም፤ ሰባኪውን እየተከተሉ መድገም ግን ዛሬ ማንም በስልኩ ሊያደርገው የሚችል ከሁሉ የሚሻል የአፍ ልምምድ ነው።

የጉዞ ንግግር ልምምድ ራሱም ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው የቋንቋ ችሎታ ማዕቀፍ ውስጥ በጉዞ ላይ የሚያጋጥሙትን አብዛኞቹን ሁኔታዎች መወጣት የተቀመጠው «ቢ 1» በሚባለው፣ ከስድስቱ በሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ ስለዚህ የመንገደኛ እንግሊዝኛ የጀማሪ ትምህርት ነው የሚለው ግምት የተሳሳተ ነው። ልምምዱ ፍሬ የሚኖረው ሁለት ሰዎች ሆነው፣ አንደኛው መልሱን አስቀድሞ ሳያሳውቅ ሲለማመዱት ነው። ተማሪው ለምሳሌ በቼክ ኢን መስኮት በኩል የመስኮት ዳር ወንበር ሲጠይቅ፣ ተለማማጅ ጓደኛው በካርድ ላይ ከጻፋቸው ሦስት መልሶች አንዱን ይመዛል፤ ወንበሩ ይሰጠዋል፣ ወይም በለዘበ አነጋገር ተከልክሎ ሌላ ይቀርብለታል፣ ወይም «ሃው ሜኒ ባግስ አር ዩ ቼኪንግ?» የሚል ያልጠበቀው ጥያቄ ይመለስበታል። ለክልከላው የሚያገለግሉትን አነጋገሮች ጓደኛው ከሚያነበው ልብ ወለድ ሊያወጣቸው ይገባል፣ ያን ጊዜ ንባቡና ልምምዱ አንድ ሥራ ይሆናሉ።

በዚህ ልምምድ ጊዜ አማርኛ ተናጋሪ በተለይ ሊጠነቀቅበት የሚገባ የትሕትና አቀማመጥ አለ። በአማርኛ አክብሮት በግሡ ውስጥ ይገኛል፤ «ውኃ ይስጡኝ» የሚል ሰው ምንም ሳይጨምር ጨዋ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ትእዛዝ አንቀጽ የአክብሮት መልክ ስለሌለው «ጊቭ ሚ ዎተር» የሚለው «ፕሊዝ» ቢጨመርበት እንኳ ሻካራ ሆኖ ይሰማል፤ ትሕትናው የሚገኘው ጥያቄ በማድረግና ግሡን ወደ ኃላፊ ቅርጽ በመውሰድ፣ «ኩድ አይ ሃቭ ሰም ዎተር?» በማለት ነው። ክፉ ሐሳብ የሌላቸው ስንት መንገደኞች በዚህ ብቻ ባለጌ ተብለው ይሆን!

በመጨረሻም የማይሰማ ነገር ሁልጊዜ ይኖራል። በዱባይ ወይም በዶሃ የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ እንግሊዝኛውን የሚሰማው ከሕንዳዊ፣ ከፊሊፒናዊና ከፓኪስታናዊ አፍ ጭምር ስለሆነ አንድን ዘዬ ብቻ ማጥናት አያዋጣውም፤ ንግግሩ ሲሰበር እንዴት እንደሚጠገን መማር ይሻለዋል። ሸግሎፍና ሳክስ ከጌይል ጀፈርሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተሙት ጥናት የማስጠገኛ አነጋገሮችን እንደ ጥንካሬያቸው ለይቷል፦ «ሶሪ?» የሚለው ደካማው ነው፣ ሰሚው የትኛው ክፍል እንዳመለጠው ስለማይገልጽ ያው ዓረፍተ ነገር በዚያው ፍጥነት ይደገምለታል፤ «ዊች ጌት?» የሚለው ያመለጠውን ነጥሎ ስለሚጠይቅ መልሱ አንድ ቃል ይሆናል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የተረዱትን ገምቶ ማቅረብ ነው። በበር ቁጥር ላይ ይህ ወሳኝ ነው፣ ዐሥራ አራትና አርባ፣ «ፎርቲን» እና «ፎርቲ»፣ በድምፅ ማጉያ ውስጥ ተመሳስለው ይሰማሉ፤ ተለማማጁም «ፎርቲን፣ ዋን ፎር?» ብሎ ቁጥሩን በአኃዝ ከፍሎ ማረጋገጥን ከመነሻው ቀን በፊት ከአፉ እስኪወጣለት ድረስ ይደጋግመው።